መስመር አካል ሲለብስ

አንድ ሉህ ላይ ሦስት ቅርጾች ተሥለዋል፦ አንድ ክብ፣ ከሱ በላይ አንድ አራት ማዕዘን፣ በጎኑ ደግሞ ሌላ አራት ማዕዘን። ቶርኖ ቤት ውስጥ ያደገ ባለሙያ ይህን ወረቀት ሲያይ ክብ ዘንግ ይታየዋል፤ ርዝመቱንና ውፍረቱን ከቁጥሮቹ አንብቦ ብረቱን ማሽኑ ላይ ያስራል። ያንኑ ሉህ ኮምፒውተር ውስጥ ቢያስገቡት ግን ማሽኑ ያለው አንድ ክብና ስምንት ቀጥታ መስመር ብቻ ነው። ክቡ የብረቱ ዳር ይሁን የቀዳዳ አፍ፣ አራት ማዕዘኖቹ ከክቡ ጋር ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በየትኛው ወገን ብረት በየትኛው ወገን አየር እንዳለ መስመሮቹ ራሳቸው አይናገሩም።

ጠፍጣፋ ንድፍን ወደ ካድ (በኮምፒውተር መንደፊያ) ሶፍትዌር አስገብቶ ጠጣር አካል ማድረግ ዛሬ በየዲዛይን ቢሮው የሚሠራ የዘወትር ሥራ ነው። የኋላ ታሪኩ ሲፈተሽ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይወጣል። ንድፍ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ይዞ አያውቅም። የጎደለውን የሚሞላው የአንባቢው ዕውቀት ነበር፤ ይህ ዕውቀት ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ የታወቀውም መሐንዲሶች ለማሽን ሊያስተምሩት ሲነሱ ነው።

የገጽታ ንድፍ ሥርዓት አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ነው። በ1746 የተወለደ የነጋዴ ልጅ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜዚዬር ወደነበረው ወታደራዊ የምሕንድስና ትምህርት ቤት የሄደው በወጣትነቱ ነው፤ ከመኳንንት ወገን ስላልተወለደ ግን በዕጩ መኮንንነት ሊማር አልተፈቀደለትም። የተመደበው ንድፍ በሚገለበጥበትና የምሽግ ሞዴል በሚቀረጽበት ክፍል ነበር። በ1760ዎቹ አጋማሽ አንድ የምሽግ ፕላን እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ጠላት ከየትኛውም ከፍታ ቢተኩስ ከግንቡ በስተጀርባ ያለውን ወታደር እንዳያገኘው የግንቡን ቁመት መወሰን ነበረበት። በዚያን ጊዜ ይህ ብዙ ቀን የሚፈጅ የቁጥር ስሌት ይጠይቅ ነበር። ሞንዥ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሠርቶ ይዞ ሲቀርብ፣ ፍጥነቱን ያላመነው ኃላፊ መጀመሪያ ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም ይባላል።

የሞንዥ ዘዴ ቀላልና ጥልቅ ነው። ዕቃው እርስ በርስ በቀጤ ማዕዘን በሚገናኙ ሁለት ሜዳዎች መካከል እንደቆመ ይታሰባል፤ አንዱ እንደ ወለል የተነጠፈ፣ ሌላው እንደ ግድግዳ የቆመ። የዕቃው እያንዳንዱ ነጥብ በሁለቱም ላይ ጥላውን ይጥላል። ከዚያ ግድግዳው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ከወለሉ ጋር አንድ ሉህ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሦስት አቅጣጫ ያለው ነገር ልኩን ሳያጣ ወረቀት ላይ ይተኛል። የፈረንሳይ ጦር የዘዴውን ጥቅም ወዲያው ስለተረዳ ለዓመታት በምስጢር ይዞታል። ሕዝብ ፊት የወጣው ከአብዮቱ በኋላ፣ ሞንዥ በ1795 ፓሪስ በኤኮል ኖርማል ባስተማረው ትምህርት ነው። ትምህርቱ በ1799 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ሞንዥ ዕቃን አጣጥፎ ወረቀት ላይ ማስተኛትን አስተማረ፤ መልሶ የሚያነሳው ግን አንባቢው ነው። ለዚህም በሁለቱ መካከል ስምምነት ያስፈልጋል። አውሮፓ ከላይ የታየውን ገጽታ ከፊት ገጽታው በታች የማስቀመጥ ልማድ ሲይዝ አሜሪካ ከላዩ አስቀመጠችው። ልማዱን ያላወቀ ሠራተኛ የአንዱን አገር ንድፍ በሌላው አገር ሥርዓት ቢያነብ የሚያወጣው ዕቃ ልኩ ሁሉ የተስተካከለ፣ ግን ግራና ቀኙ የተገለበጠ ይሆናል። ዛሬም በንድፍ ሉህ ጥግ ላይ የምትታየው ጫፏ የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክት የተቀመጠችው ይህን ስሕተት ለመከላከል ነው።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የንድፍ ክፍሎችን አበዛ። በ1842 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ያገኘው ሰማያዊ የሕትመት ዘዴ ከጊዜ በኋላ ፋብሪካዎች አንድን ንድፍ በብዙ ቅጂ እንዲያባዙ አስቻለ። በቲ-ስኩየርና በስኳድራ ላይ ያጎነበሱ ነዳፊዎች በረድፍ ተቀምጠው የሚታዩባቸው የፋብሪካ ፎቶግራፎች የዚያ ዘመን መልክ ናቸው። ነዳፊዎቹ በሉሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጽፉ ነበር፦ ከሥዕሉ ላይ በማስመሪያ ለክታችሁ አትሥሩ። ወረቀት በእርጥበት ይለጠጣል፣ ቅጂም ይዛባል። ነዳፊ አንዱን ልክ ሲያሻሽል ሥዕሉን ትቶ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይርበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ ሥልጣኑ የቁጥሩ ነው፤ መስመሩ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሆነ ብቻ ይጠቁማል። ይህ የወረቀት ዘመን ደንብ ከመቶ ዓመት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ የሚያስከትለው ጣጣ ቀላል አልነበረም።

ከጠፍጣፋ መስመር አካል የማንሳት ሥራ በኢትዮጵያ ምድር ቀደም ብሎ የተሠራበት አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ገባ። ከቡድኑ አባላት አንዱ አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር ነበር። ክሬንከር የእንዳ ሚካኤልን፣ የእንዳ ስምዖንንና የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥቶች ሲለካ ያገኘው በአብዛኛው መሠረታቸውን ብቻ ነው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላሉ ግንቦች፣ ገባ ወጣ ያለ ዙሪያ፣ የደረጃ ቅሪት። ከዚህ ፕላን ላይ ፎቅ ያለው ሕንፃ ለማንሳት ቁመት ያስፈልጋል፤ ፕላን ደግሞ ቁመት አይናገርም። ክሬንከር የጎደለውን ያገኘው ከሐውልቶቹ ነው። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች የተቀረጹት ፎቅ ቤት መስለው ስለሆነ በሩ፣ መስኮቱ፣ ፎቁን ከፎቅ የሚለየው መስመር፣ ከግድግዳ ወጣ ያሉት ክብ የእንጨት ጫፎች ሁሉ ድንጋዩ ላይ አሉ። ደብረ ዳሞን የመሳሰሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ያ እንጨትና ድንጋይ በእውን እንዴት እንደሚያያዝ ያሳያሉ። ፕላኑን ከመሬት፣ ቁመቱን ከሐውልቱ፣ አሠራሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ወስዶ ቤተ መንግሥቶቹን በወረቀት ላይ አቆማቸው። ሥራው በ1913 በርሊን ታተመ። በኋላ ጣሊያኖች በታዕካ ማርያም ፍርስራሽ ላይ መንገድ ስለሠሩበት፣ ያንን ቤተ መንግሥት ዛሬ በኮምፒውተር ሊያቆም የሚነሳ ሁሉ መነሻው የ1906ቱ መስመር ነው። ከእነዚያ መስመሮች በላይ የሚነሳው ግድግዳ ግን ትናንትም ዛሬም የአንባቢው ፍርድ ነው፤ ክሬንከር የሚመሰገነውም ፍርዱን በምን ላይ እንደመሠረተ ግልጽ ስላደረገ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በ1963 በአሜሪካው የኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ፣ ቲኤክስ-2 በተባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለት ወጣቶች የዶክትሬት ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። አይቫን ሰዘርላንድ ስኬችፓድን ሠራ፤ በብርሃን ብዕር መስታወቱ ላይ መስመር እየሳበ ኮምፒውተሩ መስመሮቹን ትይዩ ወይም እኩል እንዲያደርግለት ያዝዝ ነበር። የካድ ታሪክ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የሚቀርበው ሁለተኛው፣ ላውረንስ ሮበርትስ ነው። ሮበርትስ የቀላል ቅርጾችን ፎቶግራፍ ለማሽኑ ሰጥቶ መጀመሪያ መስመሮቹን እንዲለይ፣ ቀጥሎም ከመስመሮቹ ጠጣር አካል እንዲያነሳ አደረገው። ፕሮግራሙ ይህን የሚችለው ሦስት መሠረታዊ ቅርጾችን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው፦ ኪዩብ፣ ሽብልቅና ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ። በመስመሮቹ ውስጥ እነዚህን እየፈለገ፣ እያጣመረ፣ ዕቃውን ካልታየበት ወገን ጭምር አዙሮ ያሳይ ነበር። ክሬንከር አክሱም ላይ ያደረገውን ይመስላል፤ ማሽኑም ከመስመሩ ውጭ ያመጣው ዕውቀት አስፈልጎታል። ሮበርትስ በኋላ ኢንተርኔትን ወደ ወለደው አርፓኔት ዞሮ ስሙ የገነነው በዚያ በመሆኑ ይህ ሥራው የሚገባውን ያህል አይወሳም።

በ1971 ዴቪድ ሃፍማን በአሜሪካ፣ ማክስ ክሎውስ ደግሞ በብሪታንያ፣ አንዳቸው ከሌላቸው ሳይነጋገሩ፣ በመስመር ሥዕል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መስመር ከጥቂት ዓይነቶች አንዱ እንደሆነ አሳዩ፦ ወደ ውጭ የሚወጣ ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠርዝ፣ ወይም የዕቃው መጨረሻ ዳር። መስመሮች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አብረው ሊቆሙ የሚችሉት ምልክቶች ውሱን ናቸው። ምልክቱን በሥዕሉ ዙሪያ አዳርሶ መግጠም ካልተቻለ ሥዕሉ ሊኖር የማይችል ዕቃ ነው። ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ መስመር ውሸት ነው» ለማለት በቃ።

ያም ሆኖ አካሉ በኮምፒውተር ውስጥ በተሟላ ሁኔታ የሚቀመጥበት መንገድ ገና አልዳበረም። ትልቅ እርምጃ የታየው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ቡዳፔስት ላይ በተደረገ ጉባኤ ሁለት ጠጣር አካል የሚያስተናግዱ ሥርዓቶች ቀረቡ፤ አንዱ የካምብሪጁ የኢየን ብሬድና የቻርልስ ላንግ ቢልድ፣ ሌላው የጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲው የኖሪዮ ኦኪኖ ቲፕስ። የብሬድ መንገድ አካልን በቆዳው የሚገልጽ ነው፤ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር በየትኛው ጠርዝ እንደሚገናኝ፣ የገጹ የትኛው ወገን ወደ ውጭ እንደሚመለከት ይመዘገባል። በዚህ ላይ የሒሳብ ሊቁ የኦይለር አሮጌ ቀመር ጠባቂ ሆኖ ይቆማል። የኪዩብ ማዕዘኖች 8፣ ጠርዞቹ 12፣ ገጾቹ 6 ናቸው፤ 8 ሲቀነስ 12 ሲደመር 6 ሁለት ይሰጣል። ቀዳዳ ለሌለው አካል ድምሩ ሁለት ካልመጣ አንድ ቦታ ቆዳው ተቀድዷል ማለት ነው፤ በቀዳዳው ልክ የሚስተካከል ቀመርም አለ። የካምብሪጅ ሰዎች በ1974 ሼፕ ዳታ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ፤ ከዚያ ቤት የወጣው ሮሙለስና ተከታዩ ፓራሶሊድ የብዙ ካድ ሶፍትዌሮች የሆድ ዕቃ ሆኑ። ብዙ ተጠቃሚ ስማቸውን ሳያውቅ በየቀኑ ያሠራቸዋል።

አሁን ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ቀረ፤ የሞንዥን ገጽታዎች አስገብቶ የብሬድን ጠጣር አካል ማውጣት። በጃፓን ማሳኖሪ ኢዴሳዋ በ1973 ይህን የሚሞክር ሥርዓት አሳተመ። ጉዳዩን እስከ ጥጉ የወሰዱት ግን የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ማርኮውስኪና ማይክል ዌስሊ ናቸው። በ1980 ከሽቦ ቅርጽ (ጠርዞቹን ብቻ ከሚያሳይ ሥዕል)፣ በ1981 ደግሞ ከገጽታ ንድፎች፣ ጠጣር አካል የሚያወጣ ስልት አቀረቡ። የሥራቸው ትልቁ ቁም ነገር መልሱ አንድ አለመሆኑን በግልጽ መቀበሉ ነው። በመካከሉ አራት ማዕዘን መተላለፊያ ያለው ኪዩብ በጠርዞቹ ብቻ ቢሣል፣ መተላለፊያው ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወይስ ከላይ ወደ ታች መለየት የማይቻልበት ሁኔታ አለ፤ ያው የሽቦ ቅርጽ ለሦስት የተለያዩ አካላት ልክ ይሆናል። የእነሱ ስልት አንዱን መርጦ ዝም አይልም፤ ከሥዕሉ ጋር የሚስማሙትን አካላት በሙሉ ያወጣና ምርጫውን ለሰው ይተዋል። ከዚያ ወዲህ ከቀረቡት ብዙ ዘዴዎች ይህ ታማኝነት የሌላቸው አሉ።

ይህ ሁሉ በምርምር ቤት ሲሆን፣ ጠፍጣፋውን መስመር በዓለም ላይ ያጥለቀለቀው ሌላ ነገር ነው። በ1982 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው የጆን ዎከር አውቶዴስክ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላስ ቬጋስ ላይ አውቶካድን አሳየ። አውቶካድ በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ከሱ ጋር ዲኤክስኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነት መጣ፤ ዛሬም የመስመር ንድፍ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ዋና ድልድይ ነው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። በአንድ ረድፍ ቁጥር፣ በሚቀጥለው ረድፍ ትርጉሙ ይመጣል፦ ዜሮ፣ ከሥሩ «ላይን»፤ ስምንት፣ ከሥሩ የላየሩ ስም፤ አሥር፣ ከሥሩ የመስመሩ መነሻ በአግድም ስንት እንደሆነ፤ ሃያ፣ ከሥሩ በቁመት። አሥራ አንድና ሃያ አንድ መድረሻውን ይሰጣሉ። ያ ብቻ ነው። ይህ መስመር ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ዕቃ ስለመሆኑ አንዲት ቃል የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች እንኳ ፋይሉ አይናገርም ነበር። አንድ መቶ ሚሊሜትር የነበረ ድጋፍ በኢንች ሲነበብ ሁለት ሜትር ተኩል ሆኖ ይገባል፤ 25.4 የምትባለዋን ቁጥር በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት ለዚህ ነው።

የገባው ቅርጽ ጠጣር እንዲሆን ቀጥተኛው ትእዛዝ ኤክስትሩድ ነው። ሊጡ በማካሮኒ ማሽን ቀዳዳ ተገፍቶ የቀዳዳውን ቅርጽ ይዞ እንደሚወጣ፣ የተዘጋ ዙሪያ በተሰጠው ውፍረት ልክ ተገፍቶ አካል ይሆናል። «የተዘጋ» የምትለው ቃል ላይ ግን ብዙ ሥራ ይቆማል። አንድ የብረት ክንፍ ዙሪያ በአራት ቀጥታ መስመርና በአራት ቅስት ተሥሎ እንደገባ እናስብ። ዓይን የተሟላ ዙሪያ ያያል። ሶፍትዌሩ እምቢ ይላል። ከማዕዘኖቹ አንዱን መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ሲያጎሉት የቅስቱ ጫፍና የመስመሩ ጫፍ ሳይነካኩ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት አለ። ሌላው ማዕዘን ላይ መስመሩ ቅስቱን ዘልቆ አልፏል። ከታች ያለው መስመር ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሥሏል፤ ዓይን አንድ ያያል፣ ማሽን ሁለት ይቆጥራል። በክንፉ ላይ ያለው የቀዳዳ ክብ ደግሞ በመተርጎሚያው ምክንያት ክብ መሆኑ ቀርቶ በደርዘን የሚቆጠሩ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ሆኗል፤ መካከል የለው፣ ራዲየስ የለው፤ ቢገፉት የሚወጣው ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ብዙ ጎን ያለው ጉድጓድ ነው። ወረቀት ላይ ከእነዚህ አንዱም ችግር አልነበረም፤ ፎርማኑ ክፍተቱን በዓይኑ ይዘጋው ነበር።

የሶፍትዌር ሠሪዎቹ ምላሽ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ሥራውን ከሥሩ መለወጥ ነው። በሌኒንግራድ የተወለደው የሒሳብ ሰው ሳሙኤል ጋይስበርግ በ1985 ፒቲሲ የተባለውን ኩባንያ መሥርቶ በአሥርቱ መጨረሻ ፕሮ/ኢንጂነር የተባለውን ሶፍትዌር ገበያ አወጣ፤ በሱ ውስጥ ቁጥሩ መስመሩን ያዝዛል፤ ልክ ሲቀየር ቅርጹ አብሮ ይቀየራል። በጆን ሂርሽቲክ የተመሠረተው ሶሊድዎርክስ ይህን አሠራር በ1995 ዊንዶውስ ባለው ተራ ኮምፒውተር ላይ አመጣው፤ በ1997 የፈረንሳዩ ዳሶ ሲስተምስ በ310 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ቦይንግ 777ም የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ካቲያ የተባለውን የዳሶ ሶፍትዌር በመጠቀም ከመነሻው በጠጣር ሞዴል የተነደፈ፣ በሰኔ 1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ አውሮፕላን ነው።

ሁለተኛው ምላሽ አሮጌውን መስመር ማክበር ነው። ሶሊድዎርክስ ለገቡ ንድፎች የሚያገለግል መሣሪያ ጨመረ፤ ተጠቃሚው ከመስመሮቹ መካከል «ይህ የፊት ገጽታ ነው፣ ይህ የላይ፣ ይህ የቀኝ» እያለ ሲያመለክት፣ ገጽታዎቹ እንደ ሣጥን ግድግዳ እየታጠፉ ይቆማሉ። ሞንዥ የዘረጋውን ግድግዳ መልሶ ማቆም ነው። በሕንፃው ዓለም ደግሞ በ2000 የወጣው ስኬችአፕ አንድ የተዘጋ ቅርጽን በመዳፊት ይዞ ወደ ላይ መሳብን ማንም የሚችለው ሥራ አደረገው። አዲስ አበባ ውስጥም በአውቶካድ የተሠራን የወለል ፕላን ወስዶ ግድግዳውን በስኬችአፕ ማንሳት ለአርክቴክቸር ተማሪዎች የተለመደ ነው። ግድግዳው ስንት ሜትር ይነሳ፣ መስኮቱ ከወለል በስንት ይጀምር የሚለውን አሁንም ተማሪው ከሌላ ሉህ አንብቦ ወይም ከሚያውቀው አውጥቶ ይሞላል።

በ2003 የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ዋይ14.41 የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ጠጣሩ ሞዴል ልኩንና የሚፈቀደውን ስሕተት ራሱ ላይ ይዞ፣ ወረቀት ሳይከተለው፣ የዕቃው ሕጋዊ መግለጫ መሆን ይችላል። ጠፍጣፋው ንድፍ ካስፈለገ ከሞዴሉ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል።

ይህ ግን ለአዲስ ዕቃ ነው። ቀድሞ የተሠሩ ፓምፖች፣ ድልድዮች፣ የባቡር ክፍሎችና የወፍጮ ማርሾች ንድፋቸው በወረቀት ወይም በአሮጌ የመስመር ፋይል ነው ያለው፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ያ ሉህ ወጥቶ ይነበባል። ሥራው የገባቸው ባለሙያዎች ዛሬም የገባውን መስመር በቀጥታ ሲገፉት አይታዩም። ንድፉን ከሥር አንጥፈው፣ ቀለሙን አደብዝዘው፣ በላዩ ላይ አዲስ ስኬች ይሥላሉ፤ ቅርጹን ከመስመሩ፣ ልኩን ከተጻፈው ቁጥር ይወስዳሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ነዳፊው በመጨረሻ ያረመው የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ በሉሁ ጥግ ያለውን የማሻሻያ ሠንጠረዥ ያነባሉ፤ ከዚያም አሮጌው ዕቃ በእጅ ካለ ካሊፐር አንስተው ይለካሉ።